እሳት ያልጣለው ሕንፃ
ቃጠሎ በአርማታ ቤቶች ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት

የድንጋይ ቤት አይቃጠልም የሚለው እምነት በአገራችን የቆየ ነው። ለዚህም ምክንያት አለው። የሣር ክዳን ጎጆ በአንዲት ፍንጣሪ በደቂቃዎች ውስጥ አመድ ይሆናል። የጭቃና የእንጨት ቤትም ይዘገይ እንደ ሆነ እንጂ ከዚህ ዕጣ አያመልጥም። ከሲሚንቶ፣ ከአሸዋ፣ ከጠጠርና ከብረት የተሠራው ፎቅ ግን ከቃጠሎው በኋላ እንደ ቆመ ይገኛል። ግድግዳው ጠቁሯል፤ መስኮቱ ረግፏል፤ በውስጡ የነበረው ዕቃ ጠፍቷል፤ ሕንፃው ግን አለ። ስለዚህ ጥላሸቱ ይታጠባል፣ ልስኑ ይታደሳል፣ ቀለም ይቀባል፣ ሥራም ይጀመራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አካሄድ ለምን አደገኛ እንደ ሆነ ለመምህራንና ለትምህርት ቤት ሕንፃ ዕቅድ አውጪዎች ማስረዳት ነው። አቅራቢው መሐንዲስ አይደለም። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ በሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ የሚገኝ ሰው ሲሆን፣ ወደዚህ ጉዳይ የገባው በአንድ አጋጣሚ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዕጩ መምህራንን የማስተማር ልምምድ ለመከታተል ወደ አንድ ትምህርት ቤት በሄደ ጊዜ፣ ከሁለት ፎቅ ሕንፃ ሥር ያለው የመጻሕፍት መጋዘን በሳምንቱ መጨረሻ ተቃጥሎ አገኘ። በመጋዘኑ ውስጥ አሮጌ መማሪያ መጻሕፍት፣ የተሰበሩ ዴስኮችና የማባዣ ወረቀት ተከምረው ነበር። እሳቱ ሁለት ሰዓት ያህል ነድዷል አሉ። ሰኞ ጧት ሁለት ቀለም ቀቢዎች የመጋዘኑን ጣሪያ በነጭ ኖራ ሲቀቡ፣ ከዚያው ጣሪያ በላይ ባለው ክፍል ደግሞ ከስድሳ የማያንሱ ልጆች ተቀምጠው ይማሩ ነበር። ርእሰ መምህሩ ትጉህና ለተማሪዎቹ አሳቢ ሰው ነበሩ። ሥጋቱን ሲገልጽላቸው፣ «ኧረ አያስቡ፤ አርማታ እኮ ነው፣ ምን ይሆናል ብለው ነው!» አሉት። አቅራቢው የሚሰጠው መልስ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ያነበበውንና ከመሐንዲሶች ጠይቆ የተረዳውን ነው እዚህ የሚያቀርበው።

አርማታ ሲባል

መሐንዲሶች በብረት የተጠናከረ ኮንክሪት የሚሉትን ግንበኞቻችን ከጣልያንኛ በተወረሰ ቃል አርማታ ይሉታል። ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲስቡት ደካማ የሆነ ነገር ነው። መምህር ይህን በእጁ ባለው ጠመኔ ሊያሳይ ይችላል። ጠመኔውን ጫፍና ጫፉን ይዞ ወደ መሐል ቢጫነው በቀላሉ አይሰበርም፤ በሁለት እጁ ይዞ ሊያጎብጠው ሲሞክር ግን ወዲያው ቀጭ ይላል። ጠመኔው በሚጎብጥበት ጊዜ አንዱ ጎኑ ይጨመቃል፣ ሌላው ጎኑ ይለጠጣል። ስብራቱ የሚጀምረውም ከተለጠጠው ጎን ነው።

የፎቅ ወለል፣ ማለት ግንበኞች ሶሌታ የሚሉት፣ በሰውና በዕቃ ክብደት ትንሽ ይጎብጣል። በሁለት ድጋፎች መካከል የተለጠጠው ጎን የታችኛው ነው። ስለዚህ ፌሮው የሚቀመጠው ወደ ታች ነው፤ አግዳሚዎችም እንደዚሁ ናቸው። በዚህ ሥርዓት ኮንክሪቱ ጭመቃውን፣ ብረቱ ደግሞ ስበቱን ተካፍለው ይሸከማሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል ያስፈልጋል። እሳት ወደ ላይ ይወጣል። በአንድ ክፍል ውስጥ ቃጠሎ ሲነሣ ከሁሉ ይልቅ የሚግለው ቦታ ጣሪያው፣ ማለት የላይኛው ወለል የታችኛው ገጽ ነው። ወለሉን የሚይዘው ብረት ያለውም በዚሁ ገጽ አጠገብ፣ ከእሳቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ነው።

ሙቀቱ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ

የሕንፃ ክፍሎችን በእሳት ለመፈተን በብዙ አገሮች የሚሠራበት አንድ መደበኛ የምድጃ ሙቀት አለ። በዚህ መለኪያ መሠረት እሳቱ ከተነሣ ከ5 ደቂቃ በኋላ የክፍሉ ሙቀት 576 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሆናል። በ30 ደቂቃ 842፣ በአንድ ሰዓት 945፣ በሁለት ሰዓት 1049 ዲግሪ ይደርሳል። እውነተኛ እሳት ይህን መሥመር በትክክል አይከተልም። ወረቀትና እንጨት የታጨቀበት መጋዘን ሲሆን ከዚህ ሊብስ፣ ባዶ ኮሪደር ሲሆን ደግሞ እዚህ ላይደርስ ይችላል። ቢሆንም ለማነጻጸር ይጠቅማል።

ኮንክሪት ሙቀትን ቶሎ የሚያሳልፍ ነገር አይደለም። እንደ ወፍራም ምጣድ ነው፤ ለመጋል ይዘገያል፣ ለመብረድም ይዘገያል። ገጹ በሰባት መቶና በስምንት መቶ ዲግሪ ላይ ሳለ አሥር ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ያለው ክፍል ገና እጅግ ዝቅ ባለ ሙቀት ላይ ይሆናል። የአርማታ ታላቅ ጥቅም ይህ ዝግታው ነው። ጥበቃ ያልተደረገለት የብረት ምሰሶ በዚሁ እሳት ውስጥ በጥቂት ደቂቃዎች ይለሰልሳል።

የጋለው ክፍል ግን በሙቀቱ መጠን ይለወጣል። ከ100 ዲግሪ በላይ በኮንክሪቱ ቀዳዳዎች ያለው ውሃ ይተናል። ከዚያ ከፍ ሲል ሲሚንቶው ሲጠጥር በውስጡ ያሰረው ውሃ ራሱ መለቀቅ ይጀምራል። ሲሚንቶው እየደረቀ ሲኮማተር ጠጠሩ ደግሞ በሙቀት ይሰፋል። ሁለቱ በተቃራኒ ስለሚሄዱ በመካከላቸው የፀጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆች ይከፈታሉ። ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ባለው መካከል በሲሚንቶው ውስጥ የሚገኘው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ውሃውን ለቅቆ ካልሲየም ኦክሳይድ ይሆናል፤ ይህም ውሃ ያልነካው ኖራ ማለት ነው። በአሸዋው ወይም በጠጠሩ ውስጥ ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ካለ ደግሞ በ573 ዲግሪ ቅርጹን ለውጦ በድንገት ያብጣል።

ይህ ሁሉ በጥንካሬው ላይ የሚያስከትለው ለውጥ በአውሮፓ ደንብ ውስጥ በቁጥር ተመልክቷል። ኳርትዝ የበዛበት ጠጠር ያለው ኮንክሪት በ300 ዲግሪ ላይ ከጥንካሬው መቶ እጅ 85ቱን ይዞ ይገኛል። በ500 ዲግሪ 60፣ በ600 ዲግሪ 45፣ በ800 ዲግሪ 15 እጅ ብቻ ይቀረዋል። ፌሮ ደግሞ እስከ 400 ዲግሪ ጥንካሬው ብዙም አይነካም፤ ከዚያ በኋላ ግን በፍጥነት ይወርዳል። በ500 ዲግሪ ከመቶ 78፣ በ600 ዲግሪ 47፣ በ700 ዲግሪ 23 እጅ ላይ ይገኛል። በ400 እና በ600 ዲግሪ መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ ወለሉ በመቆሙና በመውደቁ መካከል ያለው ልዩነት ነው ለማለት ይቻላል።

ሁለት ጣት የማይሞላው ሽፋን

ብረቱ ወደዚህ ሙቀት የሚደርስበትን ጊዜ የሚወስነው በእሳቱና በብረቱ መካከል ያለው የኮንክሪት ውፍረት ነው። መሐንዲሶች ይህን ሽፋን ይሉታል። በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሕንፃው በእሳት ውስጥ የመቆየት ዕድሜ በአብዛኛው የተጻፈው እዚህ ላይ ነው።

ደንቡ ለተራ የፎቅ ወለል ያስቀመጣቸው ቁጥሮች ለማስታወስ ቀላል ናቸው። የሚለካው ከወለሉ የታችኛው ገጽ እስከ ፌሮው መሐል ድረስ ያለው ርቀት ነው። ወለሉ ለግማሽ ሰዓት እንዲቆይ 10 ሚሊ ሜትር፣ ለአንድ ሰዓት 20፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል 30፣ ለሁለት ሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ይፈለጋል። የወለሉ ውፍረትም አብሮ ያድጋል፤ ለአንድ ሰዓት ቢያንስ 80 ሚሊ ሜትር፣ ለሁለት ሰዓት 120 ሚሊ ሜትር ነው። ርቀቶቹ የተመረጡት ብረቱ ወደ 500 ዲግሪ ገደማ ከመድረሱ በፊት የተባለው ጊዜ እንዲያልፍ ታስቦ ነው።

አሁን አንድ ሒሳብ እንሥራ። ፌሮው 10 ሚሊ ሜትር ወፍራም፣ ሽፋኑ 15 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ከገጹ እስከ ፌሮው መሐል 15 ሲደመር 5፣ ማለት 20 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ወለል አንድ ሰዓት ሊቆይ የሚችል ነው። ነገር ግን ኮንክሪቱ በሚሞላበት ቀን ፌሮው ወደ ታች ረግጦ ሽፋኑ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢቀር፣ ርቀቱ 10 ሚሊ ሜትር ይሆንና ያው ወለል ግማሽ ሰዓት የሚቆይ ይሆናል። የወለሉ ክብደት አልተለወጠም፤ የሲሚንቶው ብዛት አልተለወጠም፤ ከታች ቆሞ የሚያየው ሰውም ምንም ልዩነት አያይም። አንዲት ሴንቲ ሜትር ግማሽ ሰዓት ወሰደች። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ስንት ልጆች ደረጃ ወርደው ሊወጡ እንደሚችሉ የልምምድ ደወል ደውሎ የለካ ርእሰ መምህር ያውቀዋል።

ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል ለሚል ሰው አንድ ቀን ሶሌታ ሲሞላ ቆሞ መመልከት ይበቃዋል። ፌራዮው ፌሮውን አስሮ በካሳፎርማው ላይ ያነጥፈዋል። በፌሮውና በካሳፎርማው ጣውላ መካከል ከሲሚንቶና ከአሸዋ ተሠርተው የደረቁ ትንንሽ መቀመጫዎች መግባት አለባቸው። ብዙ ጊዜ በእነርሱ ፈንታ ከመሬት የተነሣ ጠጠር ይደረጋል፤ አንዳንዴ ምንም አይደረግም። ከዚያ በኋላ የቀን ሠራተኞች ኮንክሪት በባሬላ ተሸክመው በፌሮው ላይ ይመላለሳሉ። ጠጠሩ ይንሸራተታል፣ ፌሮው ይረገጣል፣ ኮንክሪቱ ይፈስበታል፣ ጉዳዩም ለዘላለም ይሸፈናል። ካሳፎርማው ሲነሣ የፌሮው ጥላ በጣሪያው ላይ እንደ ሸንበቆ አጥር ተሰልፎ የታየበትን ሕንፃ ያላየ አንባቢ ጥቂት ነው። ይህ ጥላ ሲታይ ልስን ይለሰንበታል። ልስኑ ደኅና ተጣብቆ ከቆየ ጥቂት ይከላከላል፤ ይሁን እንጂ በእሳት ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ የሚወድቀው እርሱ ነው።

ቅርፊቱ ሲላጥ

ሽፋኑ በቂ ሆኖ ሳለም በቃጠሎው መካከል ራሱን ተላጦ ሊወድቅ ይችላል። በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው እርጥበት በድንገት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መውጫ ያጣና ገጹን በተኩስ ድምፅ እየፈነቀለ ይጥለዋል። ይህ የሚያሠጋው እርጥበቱ በክብደት ከመቶ 3 እጅ በላይ ሲሆን፣ ኮንክሪቱ ገና አዲስ ሲሆን፣ ወይም እጅግ ጥቅጥቅ ያለና ብርቱ ሲሆን ነው። ብርታት ለእሳት ሁልጊዜ አይረዳም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 18 ቀን 1996 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው የባሕር ሥር ዋሻ ውስጥ ባቡር በተቃጠለ ጊዜ፣ ከጠንካራ ኮንክሪት የተሠራው የዋሻው ሽፋን በከባዱ ቦታ አብዛኛው ውፍረቱ ተላጦ ረግፎ ተገኝቷል። ዛሬ በእንዲህ ያሉ ሥራዎች ላይ ቀጫጭን የፕላስቲክ ክሮች ከኮንክሪቱ ጋር ይቀላቀላሉ። ክሮቹ በ160 ዲግሪ ገደማ ቀልጠው ለእንፋሎቱ መንገድ ይከፍታሉ። በተራ የትምህርት ቤት ሕንፃ ላይ የዚህን ያህል ኮንክሪት ስለማይሠራ ነገሩን እዚህ ላይ እንተወዋለን።

አንዱ ሌላውን ሲገፋ

እስካሁን የተናገርነው ስለ አንድ ወለል ብቻ ነው። ሕንፃ ግን እርስ በርሱ የተያያዘ አካል ነው። የጋለ ነገር ይሰፋል። 30 ሜትር የሚረዝም ወለል አማካይ ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ቢጨምር ርዝመቱ በ6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ይህ ዕድገት መሄጃ ስለሚፈልግ ዳር ያሉትን ምሰሶዎች ወደ ውጭ ይገፋል። ምሰሶው ራሱ እሳት ሳይነካው ከእሳቱ ርቆ ሳለ ሊሰነጠቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ከቃጠሎ በኋላ የተቃጠለውን ክፍል ብቻ መርምሮ መመለስ የማይበቃውም ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ይህ መያያዝ ጥቅም አለው። አንድ ወለል በመሐሉ ሲደክም ክብደቱን ወደ ጎረቤቱ ሊያስተላልፍ ይችላል። በብዙ ቃጠሎዎች የአርማታ ሕንፃዎች ሳይወድቁ የቆሙት በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2005 ሌሊት በማድሪድ ከተማ ዊንድሶር የተባለው 32 ፎቅ ያለው ሕንፃ በተቃጠለ ጊዜ፣ በላይኛው ክፍል ዙሪያውን ይደግፉ የነበሩት የብረት ምሰሶዎች ከነወለሎቻቸው ሲወርዱ፣ በመሐል ያለው የአርማታ አካል እስከ መጨረሻው ቆሟል። ሕንፃው ግን ዳግመኛ ሰው ሊገባበት ስላልቻለ ፈርሷል።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 2008 በሆላንድ አገር በዴልፍት የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል፤ የተቃጠለው የአርክቴክቸር ፋኩልቲው የማስተማሪያ ሕንፃ ነውና። ሕንፃው 13 ፎቅ ያለው የአርማታ ሕንፃ ነበር። የሕንፃ ጥበብ የሚማሩና የሚያስተምሩ ሰዎች ይውሉበት እንደ ነበረ ልብ ይሏል። ከቧንቧ የፈሰሰ ውሃ በስድስተኛው ፎቅ ላይ ባለ የቡና ማሽን ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪክ አገናኘ፤ እሳቱም ከጧቱ 3 ሰዓት ገደማ ተነሣ። ሰዎቹ በሙሉ በጊዜ ወጡ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወደ ላይ የሚዘልቀውን ነበልባል ሊቆጣጠሩት ስላልቻሉ ከውስጥ እንዲወጡ ተደረገ። ሕንፃው ለሰዓታት ነድዶ፣ ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ የሰሜኑ ክንፍ ተደረመሰ። እሳቱ ከተነሣ ሰባት ሰዓት አልፎት ነበር። አንድም ሰው አልሞተም። አርማታው ሰው ማውጫ ጊዜ መስጠቱ እውነት ነው፤ ለመቼውም ጊዜ እንደሚቆም ግን ቃል አልገባም ነበር።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 27 ቀን 2004 በስዊዘርላንድ በግሬትዘንባኽ የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከምድር በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እሳት ተነሥቶ፣ አፈር የተሸከመው የአርማታ ጣሪያ በምሰሶዎቹ ራስ ዙሪያ ተበስቶ በአንድ ጊዜ ወረደ። በውስጥ የነበሩ ሰባት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። አግዳሚ ሳይኖረው በቀጥታ በምሰሶ ላይ የሚያርፍ ወለል በዚህ ዓይነት ሲሰበር ቀደም ብሎ መጎበጥ ወይም መሰንጠቅ እምብዛም አያሳይም። አግዳሚ ያለው ወለል ጎብጦ ያስጠነቅቃል፤ ይህኛው ግን ዝም ብሎ ቆይቶ ይወድቃል።

እሳቱ ከጠፋ በኋላ

ወደ ተነሣንበት ወደ መጋዘኑ እንመለስ። እሳቱ ቅዳሜ ጠፍቷል፤ ሰኞ ጣሪያው ቀዝቅዟል፤ ወለሉም ቆሟል። ታዲያ አደጋው ያለፈ አይደለምን?

በመጀመሪያ፣ ነበልባሉ ሲጠፋ ሙቀቱ አብሮ አይጠፋም። ምጣዱ እሳቱ ከተዳፈነ በኋላም እንጀራ ያበስላል። በኮንክሪቱ ገጽ የነበረው ሙቀት ከፊሉ ወደ ውስጥ መዝለቁን ስለሚቀጥል፣ ጠለቅ ብሎ ያለው ክፍል ከሁሉ ይልቅ የሚግለው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሊሆን ይችላል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ተመልሰው ከሄዱ በኋላ ዕቃ ለማትረፍ የሚገቡ ሰዎች ይህን ማወቅ ይገባቸዋል።

ሁለተኛውና ዋናው ነገር ብረትና ኮንክሪት በማገገም ረገድ አንድ አለመሆናቸው ነው። በትኩሱ ተዳምጦ የተሠራ ተራ ፌሮ እስከ 600 ዲግሪ ገደማ ግሎ ቢበርድ የቀድሞ ጥንካሬውን አብዛኛውን መልሶ ያገኛል። በቀዝቃዛው ተጠምዝዞ የተጠናከረ ፌሮ ግን ከ450 ዲግሪ ገደማ በላይ ከጋለ ያን ተጨማሪ ጥንካሬ ያጣል። ኮንክሪት ከነጭራሹ አያገግምም። ሲበርድ እንዲያውም ጥቂት ይጨምርበታል። ካልሲየም ኦክሳይድ የሆነው ክፍል ከአየሩ እርጥበት፣ ከዝናብ ወይም ከእሳት ማጥፊያው ውሃ ጋር ሲገናኝ ኖራ በጉድጓድ ውስጥ ሲጠፋ እንደምናየው እያበጠ ይፈርሳል። ይህም ቀናትና ሳምንታት ይወስዳል። ሰኞ ደኅና የመሰለው ገጽ ከወር በኋላ በጣት የሚፋቅ ሆኖ ሊገኝ የሚችለው ስለዚህ ነው። ጣሪያውን በእርጥብ ኖራ መቀባት እንግዲህ ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ይገምት።

በሦስተኛ ደረጃ፣ በክፍሉ ውስጥ ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ፣ ማለት የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ፣ የውሃ ቱቦና የወለል ንጣፍ ተቃጥሎ ከሆነ ጢሱ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይዟል። ይህ በተሰነጠቀው ኮንክሪት ገብቶ ፌሮውን ለዓመታት ያዝገዋል። ጥላሸትን በጊዜ ማጠብ ለውበት ብቻ አይደለም።

አንድ መምህር መሐንዲስ እስኪመጣ ድረስ ሊያይ የሚችለው ነገር አለ። አመዱን ከመጥረጉ በፊት ይመልከተው፤ እሳቱ የራሱን ሙቀት እዚያ መዝግቦ ትቷልና። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የመስኮቱ ወይም የበሩ እጀታ ወደ ጠብታነት ተለውጦ ከተገኘ በዚያ ከፍታ ያለው ሙቀት ከዚህ አልፏል። የጠርሙስና የመስኮት መስተዋት ጠርዙ የሚለሰልሰው በ700 እና በ800 ዲግሪ መካከል ነው። የመዳብ ሽቦ ቀልጦ ከተገኘ ከ1080 ዲግሪ በላይ ደርሷል። እርሳስ ብቻ ቀልጦ አሉሚኒየሙ ደኅና ከሆነ ከ327 አልፎ ወደ 660 አልደረሰም ማለት ነው። አመዱ አንዴ ከተጠረገ ይህ ማስረጃ ይጠፋል፤ በዚያ ትምህርት ቤት የሆነውም ይኸው ነበር።

የኮንክሪቱ ቀለምም ይናገራል። ከ300 እስከ 600 ዲግሪ የደረሰው ክፍል ወደ ሐምራዊነት ወይም ወደ ቀይነት ሊያደላ ይችላል። ከዚያ በላይ ወደ ነጣ ያለ ግራጫነት፣ ከ900 ገደማ በላይ ደግሞ ወደ ደብዛዛ ቢጫነት ይሄዳል። ቅላቱ የሚመጣው በአሸዋውና በጠጠሩ ውስጥ ካለው የብረት ማዕድን ስለሆነ በሁሉም ኮንክሪት ላይ እኩል አይታይም። ኳርትዝ በበዛበት ጠጠር ላይ ይጎላል፤ በአዲስ አበባና በአካባቢው በብዛት በሚሠራበት ጥቁር ድንጋይ ላይ ግን ሊደበዝዝ ይችላል። ስለዚህ ቀይ ከታየ ጉዳት አለ ብሎ መደምደም ይቻላል፤ ቀይ ካልታየ ጉዳት የለም ብሎ መደምደም ግን አይቻልም። በመዶሻ መታ መታ ማድረግም ይረዳል። ደኅናው ኮንክሪት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀው እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል። ከዚህም ሌላ በጣሪያው ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጥሮ ወለሉ ጎብጦ እንደ ሆነ መለካት ነው።

ከዚህ በላይ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው። መሐንዲሱ ገጹን በመሮ እየፈለፈለ ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ዘለቀ ይለካል፤ ናሙና ቆርጦ ያስፈትናል፤ 500 ዲግሪ ያለፈውን ክፍል እንደሌለ ቆጥሮ የቀረው ይሸከም እንደ ሆነ ያሰላል። ብዙ ጊዜ ሕንፃው ይድናል። የተጎዳው ሽፋን ተነሥቶ፣ ፌሮ ተጨምሮ፣ አዲስ ኮንክሪት ይለበሳል። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ከተቃጠለው ክፍል በላይም በታችም ሰው መዋል የለበትም፤ ወለሉም ከሥሩ በድጋፍ መያዝ አለበት።

ለዕቅድ አውጪዎችና ለክፍል

ዕቅድ አውጪ የሕንፃውን ንድፍ ሲቀበል ስለ ክፍሎች ብዛትና ስለ ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ ወለሉ ለስንት ሰዓት እሳት እንደ ታሰበ መጠየቅ መብቱም ግዴታውም ነው። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ባለው ጧት የትምህርት ቤቱ ተወካይ በሳይቱ ተገኝቶ ፌሮው ከካሳፎርማው ምን ያህል ከፍ እንዳለ በማስመሪያ ቢለካ የሚጠይቀው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። መጋዘንን ከመማሪያ ክፍል ሥር፣ ይልቁንም ከደረጃ ሥር ማድረግም በብዙ ትምህርት ቤቶች የተለመደ ሆኗል። ወረቀትና አሮጌ ዴስክ ከማንኛውም የትምህርት ቤት ዕቃ ይልቅ ረጅም ጊዜ የሚነድ መሆኑን ስናስብ ለዚህ የሚሰጥ ምክንያት አይገኝም። ቦታ ጠበበ የሚለው መልስ እውነት ነው፤ እሳቱ ግን አይሰማውም።

ለሳይንስ መምህራን ደግሞ አንድ ቀላል ሙከራ እንጠቁማለን። ከአንድ እጅ ሲሚንቶና ከሦስት እጅ አሸዋ፣ አንዱ 1 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ንጣፎች ይሠሩ። ለአራት ሳምንታት ይጠንክሩ፤ ከዚያም በፀሐይ በሚገባ ይድረቁ፤ እርጥብ እንደ ሆኑ እሳት ላይ ቢወጡ ሊፈነዱ ይችላሉና። በየላያቸው የሻማ ጠብታ ተደርጎ በእኩል የከሰል ምድጃ ላይ ይጣዱ። ተማሪዎች ራቅ ብለው ቆመው ሻማው በእያንዳንዱ ላይ የቀለጠበትን ደቂቃ ይመዝግቡ። ከዚያም ከሰሉ ይነሣና ወፍራሙ ንጣፍ ከላይ በኩል ለምን ያህል ጊዜ መጋሉን እንደሚቀጥል በቴርሞሜትር ይከታተሉ። በሁለተኛው ቀን ሁለቱም በውሃ ይረጠቡና የታችኛው ገጻቸው በምስማር ይፋቅ። ለካልሲየም ውሕዶች የሚሰጠው የኬሚስትሪ ትምህርትና ለሙቀት መተላለፍ የሚሰጠው የፊዚክስ ትምህርት በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢገጣጠሙ ይህ ሙከራ ለሁለቱም ያገለግላል።

ስለዚያ ትምህርት ቤት አንባቢ ይጠይቅ ይሆናል። መሐንዲስ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። በኖራ የተቀባውን ጣሪያ በመሮ ሲነካው ቅርፊቱ በመዳፍ ያህል ወረደ፤ ከሥሩ ያለው ፌሮ በአንዱ ጥግ ጣት በሚያህል ሽፋን ውስጥ፣ በመሐሉ ግን ከልስኑ በስተጀርባ ወዲያው ተገኘ። ልጆቹ ለአንድ መንፈቀ ዓመት በፈረቃ ተማሩ። ወለሉ ከፊሉ ፈርሶ እንደ ገና ተሞላ፤ በተሞላበት ቀን ርእሰ መምህሩ ማስመሪያ ይዘው ከጧት ጀምሮ በሳይቱ ቆመው ነበር። መጻሕፍቱ አሁን በግቢው ጥግ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ።